ስለ ገንዘብ መልክና ስለ ብዛቱ

ገንዘብን የማይፈልግ ሰው ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ነገር በየቀኑ በእጃችን ሲያልፍ ያወቅነው ይመስለናል፤ ነገር ግን መልመድና ማወቅ አንድ አይደሉም። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ብዙ ዘመን ሳስተምር ልጆች ደጋግመው ከጠየቁኝ ጥያቄ አንዱ «በዓለም ያለው ገንዘብ ሁሉ ቢሰበሰብ ስንት ይሆናል?» የሚል ነበር። ጥያቄው የልጅ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሊቃውንትም ቢሆኑ በአንድ ቃል የሚመልሱት አይደለም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉን መምህራን «ከመቍጠርህ በፊት የምትቈጥረውን ዕወቅ» ይሉን ነበር። እንግዲህ እኛም እንዲሁ እናድርግ፤ መጀመሪያ መልኩን፥ ቀጥሎም ብዛቱን እንመርምር።

ሳንቲምም ወረቀትም ሳይኖር በአገራችን የሚሠራበት አንድ የቆየ ሥርዓት አለ፤ ስሙም ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ አንተን በአጨዳ እረዳሃለሁ፤ ነገ ደግሞ አንተ በተራህ እኔን ትረዳኛለህ። ሁለት ቀን የሠራሁልህ እንደ ሆነ የሁለት ቀን ባለዕዳዬ ነህ። ይህ ዕዳ በወረቀት አልተጻፈም፥ በብርም አልተቀረጸም፤ በሁለታችን ልብና በጎረቤት ምስክርነት ተጽፎአል። የወንፈሉን ቀን የካደ ሰው በሚቀጥለው መኸር እህሉ በማሳ ላይ ሲረግፍ ብቻውን ይቆማል። ገንዘብም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ለሰው የሠራነው ሥራ ወደፊት እንደሚመለስልን የሚያረጋግጥ ምልክት ነው። ልዩነቱ ወንፈል የሚተዋወቁትን ሲያገናኝ ገንዘብ የማይተዋወቁትን ማገናኘቱ ነው። የነፋስ መውጫ ሰው የዘራውን ገብስ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ይበላዋል፤ በመካከላቸው የሚቆመው ሽማግሌ ገንዘብ ነው።

ይህ ምልክት በአገራችን ብዙ መልክ ለውጦአል። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት፥ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ገንዘብ አሠርተዋል። ከነሐሱ ገንዘብ በአንዳንዱ ላይ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸው ቃል «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ነሐስ የድኃ ገንዘብ ነው፤ ነገሥታቱም ይህን ቃል በድኃው ገንዘብ ላይ መጻፋቸው የሚደነቅ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት ሁሉ ይህን አደራ ይዞ እንደሚያወጣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የአክሱም ገንዘብ ከቀረ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ሙሉ የሰሜኑና የመካከሉ ኢትዮጵያ ገበያ የሚገበያየው በአሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልፍሎ፥ እንደ ሞረድ ተጠርቦ፥ በግመልና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በዋግና በላስታ አድርጎም ወደ በጌምድር ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲሠራበት አይቶ ጽፎአል፤ ከሚቈፈርበት ስፍራ በራቀ ቍጥርም ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ተናግሮአል። አሞሌ የሚበላ ገንዘብ ነው። ሰው ቢጨንቀው ቈርሶ ወጡን ያጣፍጥበታል፤ ነገር ግን ጥግ ጥጉ የተሸረፈ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፥ የክረምት ርጥበት ያገኘውም እንደ ሆነ ይሟሟል። ክረምት ሲገባ ነጋዴው ወንዝ መሻገር ስለሚያቅተው ጨው ይወደዳል፤ በጋ ሲሆን መንገዱ ስለሚከፈት ይረክሳል። ስለዚህ አባቶቻችን የገንዘብ ዋጋ እንደ ብዛቱ ከፍና ዝቅ እንደሚል ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዝናብ ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውም ተረት ለገንዘብ ሁሉ የሚስማማ ነው። ሰው የማይቀበለው ገንዘብ ድንጋይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠገራ ብር መጣ። ይህ ብር የኦስትሪያይቱ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው፤ ንግሥቲቱ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፥ ብሩ ከዚያ በኋላ በማናቸውም ዘመን ቢሠራ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 ሆኖ ቀርቶአል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህም ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የእኛ ገበሬ ንግሥቲቱን አያውቃትም፥ አገሯንም አይቶ አያውቅም፤ ዳሩ ግን በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች፥ ከምስሏ በታች የተቀረጹትንም ፊደላት አንድ በአንድ መርምሮ፥ የደበዘዘ ከሆነ «አልቀበልም» ይል ነበር። አንጥረኛውም አቅልጦ መስቀልና ያንገት ጌጥ ይሠራበታል፤ ወርቅ መዛኙም ወቄትን በርሱ ይለካል። መንግሥት ቢወድቅ እንኳ ብሩ ብር ነውና ሰው ይተማመንበት ነበር። «ብር» የሚለው የገንዘባችን ስምም ከዚሁ ከማዕድኑ የተወሰደ ነው።

የዚህን ገንዘብ ኀይል የሚያሳይ ታሪክ በገዛ አገራችን ደጃፍ ተፈጽሞአል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አንሥተው፥ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስቈፈሩ ወደ መቅደላ ይጐትቱ ነበር። በጌምድር ሸፍቶባቸው፥ ስንቅ ጠፍቶባቸው፥ ሠራዊታቸውም ከቀን ወደ ቀን ይቀንስ ነበር። በዚያው ወራት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከባሕር ተነሥቶ በትግራይ በኩል ሲመጣ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠገራ ብር አዘጋጅቶ ነበር፤ ለሠራዊቱም ገብስና ጭድ፥ ለጭነቱም አህያ የሚያገኘው ከገበሬው በብር እየገዛ ነበር። ንጉሡ በገዛ አገራቸው ያጡትን ስንቅ እንግዳው ሠራዊት በገበያ አገኘው። ይህን የምናገረው እንግዳውን ለማመስገን አይደለም፤ ወታደር ያለ ዋጋ የሚወስድበት ገበሬ እህሉን እንደሚደብቅ፥ ዋጋውን የሚከፍለው ሲያገኝ ግን እንደሚያወጣ ለማሳየት ነው። በጉልበት የሚገኝ ስንቅ አንድ ጊዜ ነው፤ በመተማመን የሚገኝ ግን ዕለት ዕለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው የተቀረጸ ብር በፓሪስ አሠርተው ዓመቱን 1887 ዓ.ም. ብለው አወጡ። ለርሱም አላድ፥ ሩብ፥ ተሙን፥ መሐለቅና ቤሳ የሚባሉ ዝርዝሮች ወጡለት። ዛሬ ቤሳን በእጁ የያዘ ሰው የለም፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ገንዘቡ ሞቶ ስሙ በአንደበት ይኖራል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ብር ለብዙ ዘመን አልተወም። ልማድ ከዐዋጅ ይበልጣልና።

ወረቀት ገንዘብ ከሁሉም በላይ እምነት የሚጠይቅ ነው። በዓለም መጀመሪያ የተጀመረው በቻይና አገር ነው፤ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በሲቹዋን አውራጃ የብረት ገንዘብ መሸከም ነጋዴውን ስላደከመው፥ ብረቱን አስቀምጦ የአደራ ወረቀት መቀበል ተለመደ፤ ኋላም ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ ሆነ። በእኛ አገር የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮም ወረቀት አወጣ። ይህ ባንክ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ቀጥሎ ጠላት አገራችንን ሲይዝ ሊሬ አመጣ፤ ሕዝቡ ግን ብሩን ሸሸገ እንጂ ሊሬውን በልቡ አልተቀበለም። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከሌላው ልዩ ልዩ ገንዘብ ጋር ይሠራበት ነበር፤ በመጨረሻ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ሌላው ሁሉ ወረቀትና መዳብ ሲሆን ሐምሳ ሳንቲሙ ግን ከእውነተኛ ብር ተሠራ፤ ለዚህም የሚሆነውን ብር አሜሪካ በብድር ሰጠች። ብር የለመደ ሕዝብ ወረቀትን እንዲያምን መጀመሪያ የሚያቃጭል ነገር በእጁ ሊሰጠው እንዲገባ ዐዋቂዎች ተረድተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረቀታችን ብዙ ጊዜ ተለውጦአል፤ በ1969፥ በ1990፥ እንደዚሁም በመስከረም 2013 ዓ.ም.። በመጨረሻው ለውጥ ነባሮቹን የ10፥ የ50ና የ100 ብር ወረቀቶች ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከመንገድ በራቀ ቀበሌ፥ ከበሽሎ ገደል በላይ የሚኖር ሽማግሌ ለተዝካሩ ብሎ በሙዳይ ያኖረውን ወረቀት ቀኑ ካለፈ በኋላ አውጥቶ ቢያሳይ ምን ይጠቅመዋል? ወረቀቱ ያው ነው፥ ቀለሙም ያው ነው፤ ከውስጡ የወጣው ግን እስትንፋሱ ነው። በጠገራ ብር ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ሰውዬው ቢያንስ ለአንጥረኛ ይሸጠው ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከጨው ወደ ብር፥ ከብር ወደ ወረቀት በሄደ ቍጥር ለመሸከም እየቀለለ፥ ለመታመን ግን እየከበደ መጥቶአል።

አሁን ደግሞ ወረቀቱም እየቀረ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ሰው በስልኩ ብር ይልካል፥ ይቀበላልም። በአርብ ገበያ በግ የሸጠ ገበሬ አንዳንዴ በእጁ የሚይዘው በስልኩ ላይ የበራ ቍጥር ብቻ ነው። «ጥሬ ገንዘብ» የምንለው ቃል ያልተፈጨውን እህል፥ ጥሬውን ያስታውሰናል፤ ይህ አዲሱ ግን የማይቈረጠም ጥሬ ነው።

እንግዲህ ወደ ብዛቱ እንምጣ። በዓለም ያለው ወረቀትና ሳንቲም ሁሉ በአንድነት ቢቈጠር ወደ 8 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል። ትሪሊዮን ማለት ከአንድ በኋላ አሥራ ሁለት ዜሮ ነው፤ በየሴኮንዱ አንድ ብሎ የሚቈጥር ሰው ሌሊትና ቀን ሳያርፍ አንዱን ትሪሊዮን ለመጨረስ ከ31,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በባንክ መዝገብ ብቻ ያለው ሲጨመርበት ደግሞ ከ100 ትሪሊዮን ዶላር ያልፋል። ይህ ማለት ከዓለም ገንዘብ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ በእጅ የማይጨበጥ፥ የተጻፈ ቍጥር ብቻ ነው። የአገራችንም እንዲሁ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከ2 ትሪሊዮን ብር ያለፈ ሲሆን፥ የሚበዛው በባንክ መዝገብ ያለ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የመካነ ኢየሱስ ገበሬ 1,000 ብር ባንክ አገባ እንበል። ባንኩ 200 ብር አስቀርቶ 800 ብር ለነፋስ መውጫ ነጋዴ ያበድራል። ነጋዴው እህል ገዛበት፤ እህል የሸጠውም ሰው 800 ብሩን ባንክ አገባው። አሁን ገበሬው «1,000 ብር አለኝ» ይላል፥ ባለ እህሉም «800 ብር አለኝ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመዝገብ ላይ 1,800 ብር አለ፤ ወረቀቱ ግን ያው 1,000 ነው። የተጨመረው 800 ነጋዴው «እከፍላለሁ» ያለው ቃል ነው። ገንዘብ ከብድር ይወለዳል፤ ብድርም ከቃል ይወለዳል። ስለዚህም ነው በዓለም የመንግሥታት፥ የድርጅቶችና የሰዎች ዕዳ ሁሉ ቢደመር ከ300 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው፤ ይኸውም ካለው ገንዘብ ሁሉ ይበልጣል።

ወርቁስ? ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ ከምድር የወጣው ወርቅ ሁሉ 216,000 ቶን ያህል ነው፤ በአንድነት ቢቀልጥ ቁመቱም ወርዱም ርዝመቱም 22 ሜትር ያህል የሆነ አንድ ጕብ ይሆናል። በአንድ ሜዳ ላይ ይቆማል ማለት ነው። የአሜሪካ ዶላር ከወርቅ ጋር የነበረውን ማሰሪያ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1971 ከፈቱት ወዲህ የዓለም ገንዘብ የሚቆመው በወርቅ ሳይሆን በእምነት ነው።

እንግዲህ የልጆቹ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ በዓለም ያለው ገንዘብ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተማመኑትን ያህል ነው። ይህን ስል ገንዘብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ጠግበው የሚናገሩ ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ከበሽሎ ማዶ በወሎ የሆነውን እናስታውስ። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ በዚያ የረኃብ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከመጠን በላይ አልተወደደም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቶ፥ ከብቱ ከስቶና ረክሶ፥ የሚገዛበት ስላልነበረው አለቀ። እህል ባለበት አገር ገንዘብ ማጣት ሞት ሆነ።

ደግሞም የዚህን ተገላቢጦሽ በራሳችን ወረዳ አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት በጋይንትና በስማዳ ሲጀመር ለሥራው የሚከፈለው በብር ወይም በእህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ግን ዋጋ በድንገት ናረ፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ ብዙ ቦታ «ብሩ ይቅርብን፥ እህሉን ስጡን» አለ። ብሩ የሚያመጣው እህል አነሰ። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በብዙ ገጽ የሚጽፉትን በአንድ ቃል ተናገረ።

እኛ ጡረተኞችም ይህን እናውቀዋለን። በ1965 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ይመነዘር ጀመር፤ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ሆኖአል። የዋጋ ንረት የገንዘብ ነቀዝ ነው። ነቀዝ የበላው ማሽላ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሲይዙት ግን ገለባ ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ደብተሩን ከፍቶ ቍጥሩ ሙሉ ሆኖ ሲያገኘውና ወደ ገበያ ወጥቶ ገለባ ሲሆንበት፥ የተነካበት ብሩ ብቻ አይደለም፤ ያለፈ ድካሙ ጭምር ነው። ምርት ሳይጨምር ገንዘብን የሚያበዛ መንግሥት የሁሉን ወንፈል በሌሊት እንደሚፍቅ ሰው ነው። ይህ ግን የመንግሥት ኀጢአት ብቻ አይደለም፤ ተበድሮ የሚክድ፥ ሚዛን የሚያጐድል፥ የዕቁብ ዕጣ በልቶ የሚጠፋ ሰው በመጠኑ ያንኑ ያደርጋል። መንግሥት የብዙዎችን እምነት ያጐድላል፤ ከሓዲው የአንድ መንደርን። ሁለቱም የሚቀንሱት ከአንዱ ጎተራ ነው።

እናንት ወጣቶች ሆይ! ገንዘብ ፍለጋ ወደ መተማ ወይም ባሕር ተሻግራችሁ ወደ ዐረብ አገር ለምትሄዱት ይህን እላችኋለሁ፤ ገንዘብን አትናቁት፥ አታምልኩትም። የምታገኙትን በአንድ መልክ ብቻ አታኑሩት፤ ከፊሉን ባንክ፥ ከፊሉን በግና ላም፥ ከፊሉን የባሕር ዛፍ ተክል፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕውቀትና የእጅ ሥራ አድርጉት። ጨው ይሟሟል፥ ወረቀት ይለወጣል፥ ቍጥርም ይነቅዛል። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ግን አሞሌም ቢቀር፥ ጠገራም ቢቀር፥ ስልኩም ቢጠፋ፥ ነገ በወንፈል የሚደርስለት ሰው አያጣም።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። «ገንዘብ» የሚለው ቃል ለብርና ለወረቀት ብቻ አይነገርም፤ ትዕግሥትን ገንዘብ አደረገ፥ ትሕትናን ገንዘብ አደረገ እንላለን፤ የራሱ አደረጋት ማለት ነው። በዓለም ካለው ብዙ ትሪሊዮን ውስጥ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ እርሱም ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነው። ታማኝነትን ገንዘብ ያደረገ ሰው ግን የዓለም ገንዘብ ሁሉ የሚቆምበትን መሠረት በቤቱ አኑሮአል።